በቁራኛ የወጡት ዳገት

ዲንቄ ሠረቀብርሃንን መጀመሪያ ያየችው ከጥድ ዛፍ ጋር ሲሟገት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ንጉሡ እንጦጦ ላይ ከተማ ከቆረቆሩ ወዲህ የየካ ሰው ቅቤውንም እህሉንም እያነሣ ዳገቱን መውጣት ልማድ አድርጎ ነበር። ዲንቄም በአንዱ የገበያ ቀን የእናቷን ቅቤ በቅል ይዛ ብቻዋን ስትወጣ፣ ከጫካው ውስጥ አንድ ሰው «ተጠየቅ! በንጉሥ አምላክ ተጠየቅ!» እያለ ሲጮህ ሰማች። ሰው የሚደባደብ መሰላት። ቅሏን መሬት አስቀምጣ ድንጋይ አነሣችና ቅርንጫፉን ገለጥ አደረገች። ሸማውን ወገቡ ላይ ያሸረጠ አንድ ወጣት በትሩን እያወዛወዘ ጥዱን አፋጦ ይዞታል። ከእሱና ከዛፉ በቀር ማንም የለም።

«ጥዱ ምን በደለህ?» አለችው።

ወጣቱ ክው አለ። ዞር ብሎ እሷን አየ፤ ከዚያ በእጇ ያለውን ድንጋይ አየ። «እኔስ አንቺን ምን በደልኩሽ?» አላት። ዲንቄ ድንጋዩን እንደያዘች እንኳ ረስታው ነበር። ጣለችውና ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ዲንቄ ቅቤውን ለማድረስ እናቷ ሳትነግራት ትነሣ ጀመር። እናቷ ጂቱ መጀመሪያ ላይ ልጄ ጎበዘች ብላ ደስ አላት፤ ምስኪን።

ሠረቀብርሃን የደብተራ ልጅ ነው። አባቱ ከአዲሱ የእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን ጋር አብሮ የመጣ ማሕሌተኛ ሲሆን፣ እናቱ ግን የየካ ሰው ስለነበረች ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው አቀላጥፎ ይናገራል። ቅኔ ቤት ከርሞ ተመልሶ ክህነቱን ተወና ሰው ሲካሰስ ስለ ሰው እየተናገረ ማደር ያዘ። ዛፍ ሥር በሚቆም ሙግት ተወዳዳሪ የለውም። የጠፋች ፍየል ይሁን የፈረሰ አጥር፣ ሠረቀ በትሩን አንሥቶ አንዴ «ተጠየቅ» ካለ ባላጋራው መግቢያ ያጣል። ሰዉም «ምላሱ ብረት ይቆርጣል» ይለው ነበር። እንዲያም ሆኖ ከሙግት በፊት ጫካ ገብቶ ለዛፍ ይናገራል። ለምን ብላ ብትጠይቀው፣ «ዛፍ ካልሰለቸው ዳኛም አይሰለቸውም» አላት።

ፍቅራቸው ብዙ ወሬ አልነበረበትም። የሚገርመው ይህ ነው፤ በሰው ፊት እንደዚያ የሚያወራ ሰው ከእሷ ጋር ሲሆን ዝምታ ይወድ ነበር። ገደሉ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለው ታች የየካን ማሳ፣ የቀበናን ውሃና ከፍልውሃ የሚነሣውን እንፋሎት ያያሉ። አንዳንዴ ዓይናቸው ይጋጫል፤ እሷ ቶሎ ታነሣዋለች፤ እሱ ግን ትንሽ ይቆያል። ስትሄድ «ደኅና ዋዪ» ብሎ መልሶ ይጠራትና ምንም የሚላት ነገር አይኖረውም።

እንግዲህ ጭንቁ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

የዲንቄ አባት በዳዳ ከቤታቸው ሥር ምንጭ ያለበት መስክ አለው። ከብቶቹ የሚጠጡትም የሚግጡትም እዚያ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ ስላቆመ የሰው ሁሉ ዓይን ውሃ ላይ ሆነ። ጎረቤታቸው ገረሱ ድንገት ተነሥቶ፣ መስኩ የአባቴ ነው፣ የበዳዳ አባት በውሰት ነው የያዘው አለ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው መከሩ፤ አልሆነም። ነገሩ እንጦጦ ዳኛ ዘንድ ወጣ።

ገረሱ ክፉ ሰው አልነበረም። ከብቱ ስለተጠማበት ነው። እንዲያውም የዕርቅ መንገድ ያለው መስሎት፣ ልጅህን ዲንቄን ለልጄ ለኢቲቻ ስጠኝ፣ መስኩ የሁለታችንም ይሆናል፣ ክሱም ይቅር ሲል ለበዳዳ ላከበት። በዳዳ በሽማግሌ ፊት እንዲህ ሲል መለሰ፦ ከረታሁ መስኬን እንደ ጥንቴ እይዛለሁ፤ ከተረታሁ ግን ከብቴን በጥም አልጨርስም፣ ያኔ ልጄን እሰጣለሁ። በሽማግሌ ፊት የወጣ ቃል ደግሞ አይመለስም። ዲንቄ ይህን ከጓሮ ቆማ ሰማች። ኢቲቻ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሠርቶ አዳሪ ነው፤ መልኩም አያስከፋም። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ለአባቷ የምትለው ነገር ታገኝ ነበር።

በዳዳ በመንደሩ የተከበረ ተናጋሪ ቢሆንም የዳኛ ፊት አማርኛ ያደናቅፈዋል። ስለዚህ የሚናገርለት ሰው ፈለገና ሠረቀን አስጠራ። የሠረቀንና የልጁን ነገር አያውቅም። ሠረቀ ቤታቸው መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀምጦ፣ ከተረታን ምን እንደሚሆን ከበዳዳ አፍ ሲሰማ ዲንቄ ወተት ልታቀርብለት እየገባች ነበር። ዋንጫውን ተቀበላት፤ ግን ቀና ብሎ አላያትም። እሷ ደስታ በደስታ ሆናለች። በሰው ፍየል የሚረታ ሰው ስለ እኔ ሲሆንማ ምን ይሳነዋል ብላ አሰበች። እንዲህ ብላ ማሰቧ አያስወቅሳትም፤ ማንም ሰው እንዲያው ያስብ ነበር።

በሚቀጥለው ገበያ ስታገኘው ሌላ ሰው ሆኖ አገኘችው። ፊቱ ገርጥቷል፣ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። የጀመረውን ነገር መሐል ላይ ትቶ ሌላ ይጀምራል። አንድ ነገር ነግሯት ሲያበቃ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ እንዳልነገራት ሆኖ ይነግራታል። ቆሎ ብታቀርብለት እፍኙን ይዞ ሳይበላው ቀረ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

«አሞሃል እንዴ?»

«ምንም አልኩሽ እኮ፤ ለምን ትጨቀጭቂኛለሽ?»

እንዲህ ብሎ ተናግሯት አያውቅም ነበር። ዲንቄ ቅሏን አንሥታ ሄደች። እሱም ከኋላ ሊጠራት አፉን ከፍቶ ተወው። በቀጣዩ ገበያ ገደሉ አፋፍ ላይ ብትጠብቀው አልመጣም፤ በሌላው መንገድ ዞሮ መሄዱን ከሰው ሰማች።

ጭንቀት እንዲህ ነው። ውሃ ወርዶ ሲያድር የቱ ጋ እንደገባ ሳይታወቅ ግድግዳውን ያረጥባል። ሠረቀ በእሷ የተቆጣ መስሏት ነበር፤ እሱ ግን በማንም አልተቆጣም። እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ አንድ ሐሳብ ከጧት እስከ ማታ የሚፈጨው ሰው፣ ቀድሞ የሚናከሰው የሚወደውን ነው፤ ቅርቡ ያለው እሱ ነዋ። እሷም ብትሆን ደኅና አልነበረችም። ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ትጨምርበታለች። ጥጃዋን ሳታስር ረስታ ላሚቱ ተጠብታ ታድራለች። ስትጠራ አትሰማም፤ ያልጠራት ሰው ግን የጠራት ይመስላትና «አቤት» ትላለች። ጂቱ ታግሣ ታግሣ፣ «ልጄ፣ ልብሽን ማን ወሰደው?» ብትላት ዲንቄ እንባዋን እንደ ሽንኩርት እንባ ጠርጋ ወደ ሥራዋ ዞረች። በሆዷ ግን ጠልቶኛል የሚል ነገር አደረ። ያ ሐሳብ አንዴ ከገባ በኋላ የምታየው ሁሉ እሱኑ የሚያጸና ሆነ። የሰላምታው ማጠርም ጠልቶኛል ነው፣ የፊቱ መገርጣትም ጠልቶኛል ነው።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። የየካ ሰው ገሚሱ በዳዳን፣ ገሚሱ ገረሱን ተከትሎ እንጦጦ አደባባይ ወጣ። ዲንቄ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆማለች። ዳኛው ሌላ ሰው ሲሰሙ ሳለ ዓይኗ ሠረቀን ፈለገው። አጥሩ ጥግ ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። ገረሱ ወደ እሱ ሄደ። አንድ ነገር ብሎት ከያዘው ጠላ በዋንጫ ቀድቶ ሰጠው። ሠረቀ ተቀብሎ ግጥም አድርጎ ጠጣ።

ዲንቄ ይህን ሁሉ አየች። ፍርድ ሳይሰጥ ከባላጋራ እጅ መጠጣት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ሙግቱ የራሱ የሠረቀ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ለሌላ ሰው የሚናገር ሰው ከባላጋራው እጅ ጠጣ ማለት ተሸጠ ማለት ነው።

ከዚያ ተራቸው ደረሰ። ዳኛው «በል» አሉት። ሠረቀ ሸማውን አደግድጎ ወደ ፊት ወጣ፣ በትሩን አነሣ፣ አፉን ከፈተ። ምንም አልወጣም። ሰው ሁሉ ጠበቀ። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ዳኛውን አየ፣ መሬቱን አየ፣ ዞሮ በዳዳን አየ። «የ... የ...» ብሎ ቆመ። ከኋላ አንዱ ሳቀ። በትሩ ከእጁ አምልጦ ወደቀ፣ ጎንበስ ብሎም አላነሣውም። ዳኛው እየታገሡ ቆይተው፣ ይህ ሰው ታሟል፣ ለሳምንት ቅረቡ ብለው ሌላ ነገር ጠሩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ሠረቀ አንገቱን ደፍቶ ከአደባባዩ ሲወጣ ዲንቄ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ መንገዱ ላይ ቆመችበት።

«ተሽጧል» አለች በኦሮምኛም በአማርኛም። «ከገረሱ እጅ ሲጠጣ በዓይኔ አይቻለሁ። አፉን በዋንጫ ዘጉት።»

ሠረቀ አያት። ለመመለስ አልሞከረም። ያ ዝምታ ለሰዉ ሁሉ እንደ እምነት ቃል ሆነ። በዳዳ ከበቅሎው ላይ ሊወርድ ቃጣው፣ የገረሱ ወገን ጮኸ፣ አንዱ ድንጋይ ሲያነሣ አንዱ ይዞ አስጣለው። የየካው ጭቃ ሹም ሣህሌ በመሐል ገባ። ሣህሌ ሽበታም፣ ቀልደኛ፣ ሕግ ግን የማይለቅ ሰው ነው። ይህን የመሰለ ክስ በአደባባይ ተነግሮ በመንገድ አይቀርም፣ ዳኛው ፊት ይቀርባል አለ። ከሳሹ ማነው ተባለ። ቃሉ ከማን አፍ ወጣ? ከዲንቄ። በዳዳ እኔ ስለ እሷ ልቁም አለ፤ ሣህሌ ግን አልተቀበለውም።

«በአንደበትሽ ከሰስሽ፣ በነጠላሽ ትታሰሪያለሽ» አላት። «የሳምንት ሰው ይበለን፤ በቁራኛ አወጣችኋለሁ።»

ቁራኛ ማለት ይኸው ነው፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቋጥረው ዳኛ ዘንድ አብረው ይሄዳሉ። አንዱ ቢሸሽ ሌላውን ይጎትታል፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላውን ይጥላል። በመንገድ ላይም አብረው ይቀመጣሉ፣ ስንቁንም አብረው ይበላሉ። ጠላት ከጠላቱ ጋር እንዲህ ተጣብቆ ሲሄድ ያላየ የለም። ሁለት የሚዋደዱ ሰዎች ሲታሰሩ ግን ያየ አልነበረም፤ ያወቀም አልነበረም።

ሳምንቱ ደርሶ ሣህሌ በጧት መጣ። የዲንቄን ነጠላ ጫፍ ከሠረቀ ሸማ ጫፍ ጋር ጠበቅ አድርጎ ቋጠረና፣ «በሉ፣ እግዜር ያቃናችሁ» ብሎ ከኋላቸው ሆነ። በዳዳ በበቅሎው ቀድሞ ወጣ። ዲንቄ ቀጥ ብላ ፊት ፊቱን እያየች ትሄዳለች። ሠረቀም እንዲሁ። ልብሱ መሐላቸው ላይ ረግቧል፤ አንዱም ቀረብ ማለት አልፈለገም።

ዳገቱ ግን ለኩርፊያ አይመችም። እሷ ፈጠን ስትል ሸማው ይወጠርና ትቆማለች፤ እሱ ድንጋይ ሲረግጥ እሷ ትንገዳገዳለች። ጅረቱ ጋ ሲደርሱ ለብቻ መዝለል አልተቻለም። ተያይተው ሳይነጋገሩ አብረው ዘለሉ። ሠረቀ ክንዷን ይዟት ነበር፤ ወዲያው ለቀቀው።

ከጅረቱ ማዶ ዲንቄ አንድ ነገር ልብ አለች። ሸማው ይንቀጠቀጣል። ነፋስ ይሆናል ብላ ዛፎቹን አየች፤ ቅጠል አይነቃነቅም። ቋጠሮው ላይ ጣቷን አኖረች። ከእሱ ወደ እሷ የሚመጣ ትንሽ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ነው። ለረጅም ጊዜ ጣቷን ሳታነሣ ሄደች።

«ትንቀጠቀጣለህ» አለችው በመጨረሻ።

«አዎ።»

«በርዶህ ነው?»

«አይደለም።»

ሣህሌ ከኋላ ጉልበቱን እያማረረ ቀስ ብሎ ነው የሚከተላቸው። ያን ዕለት ጉልበቱ ከወትሮው ሁሉ ብሶበት ነበር፤ ሰውየው ምን እንዳሰበ አይታወቅም።

«ለሰው ፍየል ስሟገት» አለ ሠረቀ፣ «ብረታም ባልረታም ማታ እንቅልፌን እተኛለሁ። አባትሽ ያን ቀን ከተረታሁ ልጄን እሰጣለሁ ሲሉ ግን እንቅልፌ ከዚያው ጠፋ። ጫካ ሄጄ ለዛፍ ልናገር ስል ቃሉ ይጠፋኛል። ቃሉን ሳገኘው ደግሞ ብረሳውስ እላለሁ። ብረሳውስ ስል እረሳዋለሁ። ዳኛው በል ሲሉኝ አንቺ የኢቲቻን ደጅ ስትረግጪ ብቻ ነው የታየኝ። ምላሴ ደረቀ፣ ጆሮዬ ጮኸ፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አላውቅም።»

«ዋንጫውስ?»

«አፌ ደርቆ ነበር። አንድ ሰው ዋንጫ ዘረጋልኝ። የማን እጅ እንደሆነ አላየሁም። እውነቴን ነው፣ ጠላ ይሁን ውሃ እንኳ አላወቅሁም።»

ዲንቄ ቆመች፤ እሱም ለመቆም ተገደደ።

«ለምን አልነገርከኝም? ለምን ሸሸኸኝ?»

«ምን ልበልሽ? አንቺ እኮ እንደምረታ አውቀሽ ደስ ብሎሽ ነበር። ዓይንሽን ባየሁ ቁጥር ይብስብኛል። ወንድ ልጅ ሄዶ ለሚወዳት ልጅ ፈራሁ ይላል?»

እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ይነበባል። ዲንቄ ልቧ ታመመ። የሳምንቱ ቁጣ ሁሉ ከላይዋ ላይ ሲወርድ ተሰማት፤ በቦታውም ኀፍረት መጣ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ተሽጧል ብላዋለች። እንደዚያ ያስባላት ምን እንደነበር አሁን ተገለጠላት፤ እሷም እንደ እሱ ፈርታ ነበር። እሱ ሲፈራ አፉ ተዘጋ፣ እሷ ስትፈራ አፏ ተከፈተ፤ ልዩነቱ ይህ ብቻ ነው።

«እኔ ደግሞ ጠልተኸኛል ብዬ ነበር» አለችው ቀስ ብላ። «ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ሌላ ነገር ማየት እምቢ አለኝ። ይቅር በለኝ።»

«ምሬሻለሁ» አለ። «አንቺን መጥላትማ እንዴት ተብሎ?»

መንገዱን ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ሸማው አልተወጠረም።

አደባባዩ እንዳለፈው ሳምንት ሞልቷል። ዳኛው መጀመሪያ የጉቦውን ክስ ጠየቁ። ዲንቄ እንዲህ ያለ ቦታ ቆማ ተናግራ አታውቅም። በሐሰት የከሰሰ ተከሳሹ የሚቀበለውን ቅጣት ራሱ እንደሚቀበል ታውቃለች። ቢሆንም ተናገረች።

«ጌታዬ፣ ዓይኔ ያየው እውነት ነው፣ አፌ የተናገረው ግን ስህተት ነው። ጠጥቷል፤ አልተሸጠም።»

«በምን አወቅሽ?» አሏት።

«መንገዱን ሁሉ እየተንቀጠቀጠ መጣ። የተሸጠ ሰው የሚፈራው ነገር የለውም፤ ዋጋውን ተቀብሏል።»

ዳኛው ገረሱን አዩ። ገረሱ ቀርቦ፣ የሰውዬው ፊት ሬሳ መስሎ ሊወድቅ ሲል አይቼ ነው የሰጠሁት፣ ጠላት ቢሆንም የሰው ልጅ ነው አለ። ሠረቀም ቅጣቱን ምሬያታለሁ አለ። ዳኛው ሴትዮዋ ወደፊት አፏን ትጠብቅ ብለው ክሱን ዘጉ። ከዚያም ሣህሌ ቋጠሮውን ሊፈታ እጁን ሳይዘረጋ፣ ቀጠሮው ዛሬ ነው፣ ስለ መስኩ በል ብለው ሠረቀን አዘዙት።

ሠረቀ አፉን ከፈተ። ዲንቄ ሸማው ሲወጠር፣ ትንፋሹ ሲያጥር ተሰማት። ያው የዚያን ቀኑ ነገር ተመልሶ እየመጣ ነው። በዳዳ ዓይኑን ጨፈነ። የየካ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። በዚያች ቅጽበት ዲንቄ የኢቲቻን ቤት ደጅ እሷም አየችው፤ ሠረቀ ያየውን ማለት ነው። እንዲህ እንደሚያስፈራ አላወቀችም ነበር። ቋጠሮውን ያዝ አድርጋ በኦሮምኛ፣ ማንም በማይሰማው ድምፅ፣ ለእኔ ንገረኝ አለችው።

ሠረቀ ትንፋሽ ሳበ። «ጌታዬ» አለ፣ «ወደ እርስዎ ሳይ ቃሉ ይጠፋኛል። ወደ እሷ ዞሬ ልናገር ይፍቀዱልኝ።»

የዳኛው አሽከሮች፣ ከዳኛ ፊት ፊትህን ታዞራለህ ብለው ተቆጡት። ዳኛው ግን እጃቸውን አነሡ።

«ይዙር። እኔ የምፈርደው በጆሮዬ ነው።»

ዞረ። ዓይኗን እያየ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ እንደሚያወራት አድርጎ ነገሩን ጀመረ። መጀመሪያ ላይ ድምፁ እየተሰበረ፣ ኋላ እየጠራ ሄደ። ቅኔ አልጨመረበትም፣ በትርም አላወዛወዘም። መስኩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ምንጩን ማን እንደጠረገው፣ የበዳዳ አባት በስተርጅና እዚያ ተቀምጦ ከብት ሲጠብቅ ማን እንዳየው ነገራት። ሰዉ ለመስማት ቀረብ ቀረብ አለ። ከዚያ ሠረቀ ፊቱን ከእሷ ሳያነሣ ገረሱን ጠየቀው።

«አያ ገረሱ፣ በንጉሥ አምላክ ይጠየቁ። መስኩ ራስጌ የማን መቃብር አለ?»

«የበዳዳ አባት መቃብር ነው» አለ ገረሱ።

«ማን ቆፈረው?»

«የመንደሩ ሰው።»

«አባትዎ ነበሩበት?»

ሁሉም የሚያየው ገረሱን ነው። አልነበረም ቢል የሚያስተባብለው አዛውንት ያለ አይመስልም፤ የዚያን ዕለት የቆፈሩት ሁሉ ሞተዋል። ገረሱ ግን በሞተ አባቱ የሚዋሽ ሰው አልነበረም።

«ነበረበት» አለ። «የመጀመሪያውን አፈር ያነሣው አባቴ ነው።»

«አባትዎ የሌላ ጎሣ ሰው በገዛ መስካቸው ራስጌ እንዲቀበር መቃብር ይቆፍሩ ነበር?»

«አይቆፍርም» አለ ገረሱ። «አባቴ መስኩ የበዳዳ አባት ርስት መሆኑን ያውቅ ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን አላሰብኩትም። ከብቴ ተጠምቶብኝ ነው።»

ዳኛው መስኩን ለበዳዳ ፈረዱ። በዳዳ ገረሱን እዚያው ጠርቶ፣ መስኩ የእኔ ነው፣ ውሃው ግን የእግዜር ነው፣ ከብትህን አምጣ አለው። ተሳሳሙ። ከኋላ ቆሞ የነበረው ኢቲቻም ፊቱ ሲበራ የታየው ያን ጊዜ ነው፤ ለካ እሱም የሚወዳት ሌላ ልጅ ነበረችው፣ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ሣህሌ ቋጠሮውን ሊፈታ መጣ። የመንገዱ ጉተታ አጥብቆታል፤ ቢታገለው እምቢ አለ። ቢላዋ ስጡኝ አለ። ዲንቄ ነጠላው አዲስ ነው፣ አይቆረጥም፣ ቤት ስደርስ እፈታዋለሁ አለችው። ሽማግሌው አያት፣ እሱንም አየ፣ አንድ ቃል ሳይናገር ጉልበቱን ረስቶ በፍጥነት ቀድሟቸው ወረደ።

ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ወረዱ። በዳዳ በቅሎው ላይ ሆኖ ጥቂት ይቀድማቸዋል። ዲንቄ ቋጠሮውን ነካ አደረገች።

«አሁንም ትንቀጠቀጣለህ።»

«አዎ።»

«ረትተሃል እኮ። አሁን ደግሞ ምን ያስፈራሃል?»

ሠረቀ በአገጩ ወደ በቅሎው አመለከታት። «አሁን እሳቸውን ልጅዎን ይስጡኝ ማለት አለብኝ። መሬት የለኝም፣ የደብተራ ልጅ ነኝ። ዳኛውስ ይሻሉ ነበር።»

ዲንቄ ሳቀች፤ ከስንት ጊዜ ወዲህ የሳቀችው ሳቅ ነው። «የአባቴን ነገር አንተ ተናገርክለት፤ ያንተን ነገር ደግሞ እኔ እናገርልሃለሁ» አለችና እሱ እንዳያስቆማት ፈጠን ብላ ሸማውን እየጎተተች በቅሎው አጠገብ ደረሰች።

«አባ» አለች። እሷም ፈርታለች፤ ቃሉ ግን አልጠፋባትም። «እኔ ይህን ሰው እፈልገዋለሁ። እሱም ይፈልገኛል። ዳኛው ፊት አፉ የተዘጋው በእኔ ምክንያት ነው፤ እንዳያጣኝ ፈርቶ ነው።»

በዳዳ በቅሎውን አቆመ። ልጁን አየ፣ የተቋጠረውን ልብስ አየ፣ አንገቱን ደፍቶ መልሱን የሚጠብቀውን ወጣት አየ። ሠረቀ አንድ ነገር ለማለት ሞክሮ እንደገና «የ... የ...» ብሎ ቀረ።

«ተወው፣ አትልፋ» አለው በዳዳ። «ላጣት ነው ብሎ ላልፈራ ሰው ልጄን አልሰጥም ነበር። አንተ ፈርተሃል፤ አይቼሃለሁ።»

ከዚያ በቅሎውን ነካ አድርጎ ቁልቁለቱን ወረደ፤ እነሱም ተከተሉት።